ጀልባውን ለማለዳ፣ መኪናውን ለማታ፦ ከባሕር ዳር ዘጌ ደርሶ ለመመለስ የአንድ ቀን ጉዞ መመሪያ

ይህ መመሪያ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጣናን በጀልባ ለመሻገር፣ ወደ ሐይቁ በገባችው ባሕረ ገብ መሬት በዘጌ የቡና ደን ውስጥ ግማሽ ቀን ለማሳለፍ፣ ከዚያም አፋፍ ከምትባለው የዘጌ ሥፍራ ተነሥቶ የሐይቁን ዳር ይዞ በመኪና ለመመለስ ለሚያስብ ሰው የተዘጋጀ ነው። ጉዞው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሰዓት ጥንቃቄ ነው። ብዙ ሰው ረፋድ ላይ በመኪና ይሄድና ጀልባውን ለመዝናኛ ብሎ ለማታ ያስቀረዋል፤ ሌላው ደግሞ ሲሄድም ሲመለስም በጀልባ ሆኖ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ብቻ አይቶ ይመጣል። የመጀመሪያው ሐይቁን በክፉ ሰዓቱ ያገኘዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ዘጌን ዘጌ ያሰኛትን ደኑን በቅጡ ሳያየው ይመለሳል። ስለዚህ እዚህ የቀረበው ቅደም ተከተል ውኃውን በማለዳ፣ ጥላውን በቀትር፣ መንገዱን ከሰዓት በኋላ የሚያደርግ ነው።

ቅደም ተከተሉ ለምን እንዲህ ሆነ

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። የተኛበት ቦታ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ጥልቅ የሚባለው ሥፍራ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። እንዲህ ያለ ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፤ ማዕበሉም አጭርና ተደጋጋሚ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን እረፍት አይሰጠውም። ነፋሱ ደግሞ ሰዓት ያውቃል። ማለዳ ሐይቁ ረግቶ ይገኛል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣም ከሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ቦታውን ለመያዝ ወደ ዳር ይነፍሳል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ የተቀመጠች ከተማ ናትና ከሰዓት በኋላ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ውኃውን ከሩቅ እየገፋ አምጥቶ በእርሷ በኩል ያጠራቅመዋል። በዚህ ሰዓት ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ ጀልባ ከኋላና ከጎን እየተመታ ነው የሚጓዘው።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት የታንኳ ሰዎች ናቸው። ከዘጌ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፉት በማለዳ ነው፤ ከደንገል የታሰረች፣ ሞተር የሌላት መጓጓዣ ይዘው ከነፋስ ጋር መታገል እንደማይቻል ያውቃሉና።

እኔ ይህን የተማርኩት በዋዛ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአክስቴ ጋር በመኪና ሄደን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ በተከራየናት ትንሽ ጀልባ ስንመለስ፣ መንገዳችንን ካጋመስን በኋላ ሞተሩ ጠፋ። ጀልባዋ እንደቆመች ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች፤ ውኃው እየዘለለ ይገባ ጀመር። ሕይወት አድን ጃኬቶቹ ነበሩ፤ ነገር ግን ከነጆንያው ከቤንዚን ጀሪካን ሥር ተወሽቀው ስለነበር እየተንገዳገድን ስናወጣቸው ከመካከላቸው ሁለቱ ማሰሪያ የላቸውም። ሞተሩ ከብዙ ሙከራ በኋላ ተነሣ፤ በሰላም ገባን። አክስቴ ግን ነጠላዋን በአፏ ይዛ «ኪዳነ ምሕረት፣ ኪዳነ ምሕረት» ስትል የነበረችው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰዓት በኋላ በጣና ላይ በትንሽ ጀልባ ተሳፍሬ አላውቅም፤ ማንም እንዲሳፈር አልመክርም።

ወቅቱንና ቀኑን መምረጥ

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ሐይቁ ሞልቶ ይገኛል፣ ደኑም አረንጓዴ ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ቡናው መቅላት ስለሚጀምር ለቀማውን ለማየት ይመቻል። በክረምት መሄድ ለሚገደድ ሰው የደኑ ቀይ አፈር የሚያንሸራትት እንደሚሆን፣ የሐይቁ ዳር መንገድም ዝናብ በጣለ ማግስት ከወትሮው የበለጠ ጊዜ እንደሚወስድ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ከወቅቱ ቀጥሎ ቀኑ ይታሰብበት። ወር በገባ በ16 የኪዳነ ምሕረት መታሰቢያ ነው፤ በተለይም የካቲት 16 ዓመታዊ በዓሏ ስለሆነ በዘጌ ወደሚገኘው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚሄደው ምእመን ብዙ ነው። በዓሉን ለማክበር የሚሄድ ሰው ከዚህ የበለጠ ቀን አያገኝም፤ ሥዕሉንና ደኑን በእርጋታ ለማየት የሚፈልግ ግን ሌላ ቀን ይምረጥ። በእሑድና በበዓላት ቅዳሴው በጠዋት ሲሆን፣ በጾም ቀናት ማለትም በረቡዕና በዓርብ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ እኩለ ቀን ስለሚገባ በእነዚህ ቀናት ማለዳ የደረሰ ጎብኚ ቤተ ክርስቲያኑን ከቅዳሴው በፊት አይቶ መውጣት ይችላል። ቅዳሴ ተጀምሮ እያለ እንደ ጎብኚ ወዲያ ወዲህ ማለት ተገቢ አለመሆኑን መናገር አያስፈልግም።

በዋዜማው የሚሠራ ሥራ

ጉዞው የሚሰምረው በዋዜማው ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕር ዳር ወደብ ሄደው ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፦ በማግስቱ ወደ ዘጌ የሚሄድ የሕዝብ ጀልባ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ በዘጌ በየትኛው ማረፊያ እንደሚያወርድ፣ እና የመሄጃውን ብቻ መክፈል ይቻል እንደሆነ። ሁለተኛው ጥያቄ ዋነኛው ነው። ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ስለሆነች ከአንድ በላይ ማረፊያ አላት፤ የመመለሻው መኪና የሚገኘው ደግሞ ባሕረ ገብ መሬቱ ከየብሱ ጋር በሚገናኝበት በኩል ባለችው በአፋፍ ነው። በኡራ በኩል የወረደ ሰው ደኑን እያቋረጠ ወደ አፋፍ ይወጣል፤ ጉዞውም ወደፊት ብቻ ይሆናል። በአፋፍ በኩል የወረደ ሰው ግን ወደ ኡራ ሄዶ በመጣበት መመለስ ስላለበት የእግር መንገዱን እጥፍ አድርጎ ያስላ።

የግል ጀልባ የሚከራዩ ከሆነ ዋጋውን ከመስማማትዎ በፊት ጀልባዋን ራሷን ይዩ። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ማሰሪያው ያልተበጠሰ ሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን አንድ በአንድ እያነሡ ይቁጠሩ፤ መቅዘፊያ መኖሩን ይጠይቁ፤ ሞተሩን አስነሥተው ያሰሙዎት። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ጀልባ ነጂ እንዲያውም ደስ ይለዋል፤ ፊቱን የሚያጠቁር ካለ ግን ሌላ ጀልባ ይፈልጉ።

በዚያው ምሽት ስለ መንገዱም ማጣራት ያስፈልጋል። ወደ ዘጌ የሚመላለሱ የሚኒባስ ሾፌሮችንና ረዳቶችን በመናኸሪያ አግኝተው የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ፣ ከአፋፍ የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ መንገዱም ሰላም መሆኑን ይጠይቁ። እነርሱ የነገሩዎት ከማንኛውም ወረቀት የበለጠ ትክክል ነው። መንገዱ አያስኬድም ካሉ ጉዞውን ለሌላ ቀን ያስተላልፉት፤ ዘጌ የትም አትሄድም።

ለመያዝ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። በደንብ የሚይዝ ዝግ ጫማ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ነጠላ፣ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ለማለዳው የሐይቅ ብርድ ሹራብ፣ ዝርዝር ብር፣ ቡና ለመግዛት ካሰቡም ንጹሕ የጨርቅ ከረጢት ይበቃሉ። ስልክና ገንዘብ ውኃ በማያስገባ ፌስታል ይጠቅለሉ። አካባቢው ወባማ ስለሆነ ለምሽቱ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ አይርሱ።

መሳፈርና መሻገር

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደብ ይድረሱ። የሕዝብ ጀልባ ሰዓቱ ቢነገርም ሲሞላ ሊቀድም፣ ጭነት ሲበዛ ሊዘገይ ስለሚችል ቀድሞ መገኘት ቦታ ለመምረጥም ይረዳል። መሐል ላይ ወይም ወደ ኋላ ያለ መቀመጫ ከፊተኛው ያነሰ ይነቀነቃል፤ ልጆችና አረጋውያን ካሉ እዚያ ያስቀምጧቸው። ጃኬቱን ገና ከወደቡ ሳይላቀቁ ይልበሱ እንጂ ከጎንዎ አያስቀምጡት።

ጉዞው እንደ ጀልባው ፍጥነት አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከባሕር ዳር ብዙም ሳይርቁ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ የሚባሉት ደሴቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። ወደ ክብራን ገብርኤል ሴቶች እንደማይገቡ፣ በዘጌ ባሉት ገዳማት ግን ሴትም ወንድም መግባት እንደሚችል ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው። በዚህ ሰዓት የሚያልፉ ታንኳዎችን ልብ ብለው ይመልከቱ፦ ቀዛፊው ከውኃው እምብዛም ከፍ ሳይል ይቀመጣል፣ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድም ወደብ በደረሰ ቁጥር ታንኳዋን ወደ ዳር ጎትቶ አቁሞ ያደርቃታል። ጀልባ ነጂው በአጠገባቸው ሲያልፍ ፍጥነቱን እንዲቀንስ መጠየቅ የተሳፋሪ ፋንታ ነው፤ የሞተር ጀልባ የሚያስነሣው ማዕበል ጭነት የተሸከመችን ታንኳ ያናውጣታልና።

ከጀልባ ሲወርዱ እግርዎን ውኃ ውስጥ ለመንከር አይቸኩሉ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ በሽታው የሚተላለፈው ጥልቀት በሌለውና ቀንድ አውጣ በሚኖርበት የዳር ውኃ ውስጥ ቆዳ ሲነከር ነው። መዋኘትም፣ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መቆምም ይቅርብዎ። በድንጋዩ ወይም በመረማመጃው ላይ ይውረዱ።

በደኑ ውስጥ

የዕለቱ ዋና ጉዳይ ከዚህ ይጀምራል። ዘጌን ከሩቅ ያየ ሰው ደን ይላታል፤ ውስጧ የገባ ግን የአትክልት ቦታ መሆኗን ይረዳል። ላይኛውን ጣሪያ የሠሩት እንደ ዋንዛ፣ ሳሳ፣ ብርብራ፣ ሾላና ዋርካ ያሉ ዛፎች ናቸው፤ ከሥራቸው ቡናው፣ በየመካከሉ ጌሾው፣ በየቤቱ አጥር ሎሚውና ትርንጎው ይበቅላሉ። ባለቤት የሌለው ቁራሽ መሬት እምብዛም አይገኝም። ጎብኚው የእግር መንገዱን ይዞ ሲሄድ በሰው ጓሮ ውስጥ እያለፈ መሆኑን ካወቀ፣ እንዴት መሄድና ምን መንካት እንዳለበት ራሱ ይገባዋል።

እንዲህ ያለው ቦታ እንዴት ሊቆይ እንደቻለ ሳይረዱ ማየት ግማሽ ማየት ነው። በዘጌ ሲነገር የኖረው ትውፊት አባ በትረ ማርያም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደዚህ መጥተው ሲጸልዩ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እንደተሰጧቸው፣ ሕዝቡም በእነዚህ እንዲኖር፣ በሬ ጠምዶ እንዳያርስና ከብት እንዳያረባ እንደገዘቱ ይናገራል። ግዝቱ ለዘመናት ተከብሯል። ከሃይማኖቱ በተጨማሪ ለመሬቱም የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው፦ የቡና ሥር ከአፈሩ ገጽ ብዙም አይርቅም፣ ማረሻ ቢገባበት ይቆረጣል፤ ከብት ቢለቀቅበት ችግኙን ይበላል፤ ዛፉ ባይኖር ፀሐዩ ቅጠሉን ያጠወልገዋል፤ የረገፈው የዋንዛና የብርብራ ቅጠልም በበኩሉ አፈሩን አልብሶ ርጥበቱን ይይዛል። በጎጃም ሜዳ ጤፍና በቆሎ እያየ ያደገ ሰው፣ እርሻ ሳይታረስ የሚኖርበት አገር ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ መገኘቱ ሊደንቀው ይገባል። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘገብ ይህ ደንም በውስጡ ተካትቷል።

የአካባቢውን አስጎብኚ ይዘው ይግቡ። መንገዱ በየጓሮው ስለሚታጠፍና ስለሚከፋፈል ያለ ሰው ለመጥፋት ቀላል ነው፤ ከዚያም በላይ አስጎብኚው የሰፈሩ ልጅ ስለሆነ ባለጓሮዎቹን ያውቃቸዋል። ዋጋውን ሳይጀምሩ ይስማሙ፤ መንገዱንም «ከኡራ ተነሥተን በደኑ ውስጥ እስከ አፋፍ» ብለው በግልጽ ይንገሩት፤ ካልነገሩት ከማረፊያው ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ማረፊያ ሊያመላልስዎ ይችላል።

ቡና በሚለቀምበት ወቅት ከደረሱ ሥራ ላይ ያሉትን ሰዎች «በርቱ፣ ይባርክላችሁ» ብለው ይለፉ፤ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይጠሩዎታል። ከተጠሩ ይቁሙ፤ ቸኩሎ ማለፍ ደስ አይልም። ባለፈው ኅዳር አንዲት እናት ከእንጨት መሰላል ሥር ተቀምጠው የለቀሙትን ሲያበጥሩ አገኘኋቸውና «እማማ፣ ይህ አረንጓዴው ለምን ተለየ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ እሱ ገና ጡት ያልጣለ ነው፤ ከቀዩ ጋር ከገባ ጀበናውን ያመርረዋል» አሉኝና አንድ የቀላ ፍሬ በጣታቸው ጨምቀው ሰጡኝ። ልጣጩ ሲፈነዳ ሁለቱ ቡናዎች ሆዳቸውን ገጥመው፣ የሚያዳልጥ ጣፋጭ ልባስ ለብሰው ወጡ። ልጆቹ ይህን ልባስ እየመጠጡ ፍሬውን ወደ እንቅቡ ይመልሱታል። አረንጓዴው ከቀዩ ጋር ሲቀላቀል የሚያመጣውን መጥፎ ጣዕም ከዚህ በተሻለ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ጌሾውንም ሳያዩ አይለፉ። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ እንደሚሆን የሚያውቅ ብዙ ሰው ተክሉን በቁሙ አይቶት አያውቅም፤ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ያለው፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ የሚል ቁጥቋጦ ነው። አንድ ቅጠል ቢያኝኩ መራራነቱ ምላስ ላይ ይቆያል። ግን አስፈቅደው ይቅጠፉ።

ጦጣዎች በዛፎቹ ላይ አሉ፤ ምግብ አይስጧቸው። የለመደች ጦጣ የሰውን ማሳ መዝረፍ ትጀምራለች፤ ጉዳቱም የሚደርሰው በጎብኚው ላይ አይደለም፣ በባለቡናው ላይ ነው።

በአብያተ ክርስቲያናቱ

በዘጌ በርካታ አድባራትና ገዳማት አሉ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት መሞከር አንዱንም አለማየት ነው። አዝዋ ማርያምና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለአንድ ቀን ይበቃሉ፤ ጊዜ ካጠረም ኡራ ብቻዋን ትበቃለች። ከማረፊያው ያለው ዳገት ለጤነኛ ሰው ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ አረጋውያን ግን በየጥላው እያረፉ ይውጡ።

በር ላይ የሚያገኟቸውን አባት «አባ፣ ይፍቱኝ» ብለው መስቀል ይሳለሙ። የመግቢያ ክፍያውን ከፍለው ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ጫማዎን አውልቀው ይግቡ። ሴቶች ራሳቸውን በነጠላ ይሸፍኑ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፦ ውጪያዊው ዙር ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ያለው ቅድስት፣ መካከሉ መቅደስ ነው። ሥዕሎቹ የሚገኙት መቅደሱን በከበበው ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ አብዛኞቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ስለዚህም በእጅ መንካት፣ መደገፍ፣ በብልጭታ ፎቶግራፍ ማንሣት ይጎዳቸዋል። ፎቶ ማንሣት የተፈቀደ መሆኑን ይጠይቁ፤ ቢፈቀድም ብልጭታውን ያጥፉ።

ሥዕሎቹን ለማየት የሚበጀው መንገድ በአንድ በኩል ጀምሮ በዝግታ መዞር ነው። ማንበብ የማይችለው ምእመን ታሪኩን በዓይኑ እንዲያነብ የተሣሉ ናቸውና ከሥዕል ሥዕል ከመዝለል ይልቅ አንዱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተረድቶ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ይሻላል። ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው ሲታይ ክፉዎች በጎን ፊታቸው፣ በአንድ ዓይን መሣላቸውን አንዴ ካወቁ፣ ማን ማን እንደሆነ ያለ አስረጂ መለየት ይጀምራሉ። ልጆች ይህን ሲነገራቸው እየዞሩ ባለ አንድ ዓይኖቹን መቁጠር ይወዳሉ፤ የኔዎቹን ከዚያ ማውጣት አልተቻለኝም ነበር።

ቡና መግዛት

ይህን ክፍል ለብቻው ያስቀመጥኩት ቀልድ ስላልሆነ ነው። የዘጌ ሰው ከቡናው የሚያገኘው ገቢ አልበቃ ሲለው የሚቀጥለው ገቢው እንጨት ነው፤ እንጨቱ የሚመጣው ደግሞ ለቡናው ጥላ ከሚሆነው ዛፍ ነው። ስለዚህ ቡናን በቀጥታ ከባለጓሮው በደኅና ዋጋ መግዛት ለደኑ የሚደረግ እውነተኛ እርዳታ ነው፤ አስጎብኚዎን «ጀንፈል የሚሸጥ ቤት ውሰደኝ» ብለው ይጠይቁት።

ጀንፈል ማለት ከነልጣጩ የደረቀ ቡና ነው። መድረቁን ለማወቅ አንድ እፍኝ ወስደው በሁለት መዳፍዎ መካከል ወደ ጆሮዎ አስጠግተው ያናውጡት፤ ፍሬው በልጣጩ ውስጥ እየተንኳኳ ከተሰማ ደርቋል፣ ዝም ካለ ገና ርጥብ ነው። ቀጥሎ አንዱን ሰብረው ፍሬውን በጥርስዎ ይንከሱት። የጥርስ ምልክት ከያዘ አልደረቀም። በመጨረሻም ያሽትቱት፤ የሻጋታ ወይም የጭስ ሽታ ካለው ይተዉት። ዋጋ ሲጠሩልዎ መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ ነገር ግን ለለቀማ፣ ለማድረቅና ለማበጠር የሄደውን ቀን አስበው ይከራከሩ።

በዚያው ቤት ቡና ይፈላልዎት ይሆናል። ከአቦል ላይ ተነሥቶ መሄድ ባለቤቷን ያስቀይማልና ቢያንስ እስከ ቶና የሚሆን ጊዜ ይያዙ፤ ከቀኑ 5 ሰዓት አካባቢ ከኡራ ከተነሡ ይህ ሁሉ ይደርሳል።

ከአፋፍ በሐይቁ ዳር መመለስ

በደኑ ውስጥ እየተዝናኑ ሲሄዱ፣ ማረፉን ጨምሮ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አፋፍ መድረስ ይቻላል። ምሳ እዚያ ይብሉ፤ ሽሮና ጎመን በጾም ቀንም አይጠፋም። ከዚያ ወዲያውኑ መኪናውን ይጠይቁ። ሚኒባስ እስኪሞላ ሊያቆይ ስለሚችል ከ9 ሰዓት ባያልፍ ይመረጣል፤ ቀን እያለ መጓዝ ለደኅንነትም ለማየትም ይጠቅማል።

መንገዱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀኝ በኩል የእርሻ መሬት፣ በግራ በኩል በዛፎችና በማሳ መካከል ብቅ ጥልቅ የሚለው ሐይቅ ስለሚገኝ ከተቻለ በሾፌሩ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ ይቀመጡ። ጠዋት ረግቶ የተሻገሩት ውኃ በዚህ ሰዓት ነጭ አረፋ እያነሣ ወደ ዳር ሲመታ ያዩታል። ወንጀታንና የእንፍራንዝን ወንዝ ሲያልፉ ደንገል የበቀለባቸው ረግረጋማ ሥፍራዎች አሉ፤ የታንኳው ደንገል የሚታጨደው እንዲህ ካለው ቦታ ነው፣ ረግረጉም ወደ ሐይቁ የሚገባውን ደለል ያጣራል። የራስዎን መኪና ይዘው ከሆነ እዚህ ቆመው ማየት ይችላሉ፤ ነገር ግን ከመንገዱ ርቀው ወደ ውኃው ዳር አይውረዱ። በጣና ጉማሬ አለ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል፣ በእርሱና በውኃው መካከል የተገኘን ሰው አይምርም። መኪና ሲያሽከረክሩም ከብት ከግጦሽ የሚመለስበት ሰዓት ስለሆነ በየመንደሩ ፍጥነት ይቀንሱ።

ባሕር ዳር ከ11 ሰዓት በፊት ይገባሉ። የቀረ አቅም ካለ የቆሮሶ ወይም የአምባዛ ጥብስ የሚሠራ ቤት አይጠፋም፤ በደንብ የበሰለውን እንጂ ጥሬውን ዓሣ አይብሉ። ቤትዎ ሲደርሱ ግን ከመተኛትዎ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል፦ የገዙትን ጀንፈል ከከረጢቱ አውጥተው በሰፌድ ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ ስስ አድርገው ያስጡት፤ በመኪና ሲጓዝ የያዘው ወበቅ በከረጢት ውስጥ ካደረ ያሻግተዋል። በማግስቱ ፀሐይ ካገኘ በኋላ በሙቀጫ ወቅጠው ገለባውን ያበጥሩ፤ ያልተወቀጠውን ደግሞ ከነልጣጩ ደረቅ ቦታ ያኑሩት፣ እንዲያ ሲሆን ጣዕሙን ጠብቆ ይቆያል።